ያሰግዳል ወይ?

መሪጌታ ጣሰው የእህቴ የቦጋለች ባል ናቸው። ከትዳሬ ወጥቼ እህቴ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ ስለኖርን፣ ስለ እሳቸው የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። አንቱ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ አንቱ እያልኩም እናደድባቸዋለሁ። እህቴ ስትሰማኝ «ብርቱካን፣ ኧረ አፍሽን ሰብሰብ!» ትለኛለች። አፌን ሰብስቤ ስንት ዘመን ኖርኩ፤ ምን ፈየደ?

ትውልዳቸው እስቴ ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ ትንሽ ወጣ ብሎ። በልጅነታቸው ቁራሽ እየለመኑ ተምረው፣ በኋላ ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ አስመስክረው ወጡ። ቤተ ልሔም ያስመሰከረ ሰው በየደብሩ እንደ ሙሽራ ነው የሚጠበቀው። ስማዳ ያለው የኛ ደብር፣ ጭንጫ ሚካኤል፣ በዚያ ጊዜ መሪጌታው ሞቶበት ማሕሌቱ ቀዝቅዞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወገዳ ገበያ ላይ አግኝተዋቸው ለምነው አመጧቸው። እህቴን የዳሩላቸውም ሌላ ደብር እንዳይወስድባቸው ብለው ነው። በሬ በጠፍር ይታሰራል፣ መሪጌታ በሚስት።

እውነቱን ልናገርና ድምፃቸው ሰው ያስለቅሳል። በማሕሌት ቆመው መቋሚያቸውን ይዘው ዝማሜውን ሲጀምሩት፣ ወዲህና ወዲያ እያሉ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ያ ረጅም ቀጭን ወገባቸው የደረሰ ገብስ ነፋስ ሲነካው እንደሚሆነው ይሆን ነበር። እኔ ከሴቶች በር ቆሜ ሳያቸው ቂሜን እረሳለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ደጃፋችን ስንደርስ ቂሜ ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱም ክፋታቸውም እዚያው ወገብ ላይ ነበር። ዝማሜ ሲማር ወገቡን ያደነደነ ተማሪ፣ መቋሚያው ወገቡ ላይ ያርፍበታል። «ወገብ የተፈጠረው ለስግደት ነው። ካልሰገድክበት ለአህያ ስጠው፣ ጭነት ይሸከምበት» ይሉታል። አመመኝ ማለት አይቻልም። «ሕመም የሰነፍ ዜማ ነው» የምትል አባባል ነበረቻቸው፤ እህቴ ስታምጥ እንኳ ተናግረዋታል።

ቻላቸው የሚባል ተማሪ ነበራቸው። እህቴ ቤት እየበላ ያደገ፣ ድምፁ ከሁሉም የተሻለ ልጅ። አንድ ዓመት ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና፣ በኅዳር ሚካኤል ማሕሌት ላይ እየተንቀጠቀጠ ቁጭ አለ። መሪጌታ ዜማውን አቋረጡ። ሕዝቡ ሁሉ እያየ በነጠላው ጎትተው በር ድረስ ወሰዱትና ገፈተሩት። «መቆም ያልቻለ ከማሕሌት ይውጣ!» አሉ። ልጁ ደረጃው ላይ ወድቆ አፍንጫው ደማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ቃል በደብሩ ሕግ ሆነች። አንድ ሽማግሌ ደብተራ፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው መቀመጥ ሲጀምሩ፣ በዚችው ሕግ ወጥተው ማሕሌት እንደናፈቁ ቤታቸው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ መሪጌታ ጣሰው አሳምረው ዘመሩላቸው።

ቻላቸው ግን ዳነ፣ ተማረ፣ ግራ ጌታ ሆነና በማሕሌት ከመሪጌታ ትይዩ ቆመ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሲናገር ሰው አልሰማውም። እኔ ዝም የሚል ሰው ያስፈራኛል።

የመሪጌታን ወገብ የሰበረው የራሳቸው የሚካኤል ድንጋይ ነው። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ወንዱ ከገደል ድንጋይ ያወጣ ነበር፣ ሴቱ ውሃና አሸዋ። መሪጌታ እንዲሸከሙ የጠየቃቸው የለም። ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ሲያነሱት ያቃታቸውን ድንጋይ አይተው ተቆጡና «ዞር በሉ!» ብለው ብቻቸውን አቅፈው አነሱት። ቀና ሲሉ ወገባቸው ቋ አለ። አጠገባቸው የነበረች ሴት እንጨት የተሰበረ መስሏት ዞረች። ድንጋዩን አልጣሉትም፤ ግቢው ድረስ አድርሰው ነው የወደቁት።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከወገባቸው ተነስቶ በግራ እግራቸው እስከ ጣታቸው እንደ እሳት ይወርድ ጀመር። ካሣሁን ወጌሻው ተጠራ። ወገባቸውን በቅቤ አሽቶ፣ በሆዳቸው አስተኝቶ፣ በሁለት እግሩ ወጣባቸው። ያን ቀን መሪጌታ ጮኹ። አጥር ጥግ የነበሩት ተማሪዎች ጩኸቱን ሰሙ። በማግስቱ ወንዝ ስወርድ አንዱ እያስረዘመ፣ እያንቀጠቀጠ ሲያዜመው ደረስኩ። ሌሎቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። «ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ነበር የምናውቀው» አለኝ ትልቁ። «ይኸው የኔታ አራተኛውን ዜማ አወጡልን።» ልቆጣ ብዬ እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

ደብሩ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ቁስል ቢሆን ያዩት ነበር፣ እብጠት ቢሆን ይዳስሱት ነበር። የወገብ ሕመም አይታይም። መሪጌታ ደግሞ እህል ይበላሉ፣ ይናገራሉ፣ ይሳደባሉ። «ምኑን ነው ያመማቸው? ክረምቱ መጥቶ እርሻ ሲደርስ ነው እንዴ ወገብ የሚያመው?» ይባላል። «የተማሪ እንባ ነው» የሚልም አለ። ሴቶቹ ይብሱ ነበር። ምንጭ ላይ እህቴን ከበው «ቦጋለች፣ ወገብ ከሌለ አንቺስ እንደምን ሆንሽ?» እያሉ ይሳሳቃሉ። እህቴ እንስራዋን ሳትሞላ ተመልሳ መጥታ ማጀት ገብታ አለቀሰች።

ሰባት ቀን ጠበል ገቡ። ጠበልተኛው «ጠበልና መድኃኒት አይስማሙም» ስላላቸው ከወገዳ ጤና ጣቢያ ያመጡትን ክኒን ምንጩ ዳር ጣሉት። በስምንተኛው ቀን በበቅሎ ላይ በሆዳቸው ተጭነው ነው የተመለሱት።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ልጃቸው ሕይወት ጉዳዩን ያዘችው። ሕይወት ደብረ ታቦር ነርስ ናት። እንድትማር እንኳ የፈቀዱላት እህቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ነው። ያቺው የተከለከለች ልጅ ደውላ፣ ለምና፣ ሰው አስቸግራ፣ ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች በትልቅ ከተማ ሆስፒታል በነፃ የወገብ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ነው ብላ ወሰደቻቸው። ወገባቸውን በመሣሪያ ፎቶ ተነሡ። ከነጮቹ ጋር የሚሠራው ሐበሻ ሐኪም ፎቶውን መብራት ላይ አድርጎ አሳያቸው። ይህን ሁሉ በኋላ ሕይወት ናት የነገረችኝ።

«አባቴ፣ በሁለት አጥንት መካከል እንደ መደላድል የሚሆን ነገር አለ። ዲስክ እንለዋለን። የእርስዎ አንዱ ፈንድቶ ነርቩን ተጭኖታል» አላቸው።

«እና?»

«ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ የሞተውን ዲስክ አውጥተን ሁለቱን አጥንቶች በብረት ማሰር ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን ወገብዎ አይታጠፍም። ሁለተኛው፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ዲስክ መተካት ነው። ብረትና ፕላስቲክ ነው፣ እንደ ተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ለእርስዎ ግን ይሆናል። አደጋ የለውም አልልዎትም። መመርቀዝ አለ፣ ደም መፍሰስ አለ፣ ላይሠራም ይችላል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እሞታለሁ ወይ፣ ሽባ እሆናለሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መሪጌታ ጣሰው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይኸ የምትተክሉት ያሰግዳል ወይ?»

ሐኪሙ መጀመሪያ አልገባውም። ሕይወት ተነስታ አሳየችው፤ ተንበርክካ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ ተነሳች። ሐኪሙ ለነጩ ሐኪም ነገረው። ተመካከሩ።

«ያሰግዳል። ግን ሦስት ወር ጎንበስ ማለት የለም። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ» አላቸው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ቀዶ ጥገናው እስኪደረግ ድረስ፣ መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንትዎ እምቢ ካለ፣ ያኑ ቀን ይምጡ። አንድ ቀን አያሳድሩ» አላቸው። የቀጠሩላቸው የዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነበር። ሐኪሞቹ ጾሙ ሳይጋመስ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

ደስ ብሏቸው ነበር የመጡት። በዕድሜዬ እሳቸው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። እህቴን «ያሰግዳል አሉኝ እኮ!» አሏት።

እንግዲህ በኛ አገር አንድ ካህን ወይም ደብተራ ትልቅ ነገር ከመወሰኑ በፊት ለነፍስ አባቱ ይነግራል። መሪጌታ ለቄስ ባዩ ነገሯቸው። ቄስ ባዩ የዋህ ሰው ናቸው፤ «እኔ ኃጢአት እፈታለሁ እንጂ አጥንት አላውቅም» ብለው ነገሩን ለደብሩ ጉባኤ አሳለፉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጠው በአንድ ሰው ወገብ ላይ ተከራከሩ። እኔ ዳቦና ጠላ አቅራቢ ስለነበርኩ ሁሉን ሰምቻለሁ።

«ነጭ የሠራውን ዕቃ በሰውነቱ ይዞ ታቦት ፊት ይቆማል?» አለ አንዱ።

«ከምን ተሠራ? ከአሳማ አጥንት ቢሆንስ?» አለ ሌላው።

«ብረትና ፕላስቲክ ነው» አሉ መሪጌታ።

«እሱን ያሉህ እነሱ ናቸው። ቀደህ አላየህ!»

እንዲህ እያሉ ዳቦው አለቀ። ያን ጊዜ ቻላቸው ከጥግ ተነሳ። ነጠላውን አስተካክሎ እጅ ነሳ። «አባቶቼ፣» አለ፣ «ቄስ ባዩ የወርቅ ጥርስ አስተክለው ይቀድሱ የለ? ሚካኤል ተቀየማቸው? አፍ ከወገብ አይበልጥም እንዴ?» ቄስ ባዩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ጉባኤው ጨረሰ፤ ይታከሙ ተባለ። እኔ በልቤ ቻላቸውን ባረክሁት።

እዚያ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ወደ መሪጌታ ዞረና ጎንበስ ብሎ «የኔታ፣ አያስቡ። እስኪሻልዎት ድረስ ቦታዎን እኔ እጠብቃለሁ» አላቸው።

የመሪጌታን ፊት አየሁት። ሳቃቸው እዚያው ደረቀ።

ያንኑ ዕለት ቤት እንደገባን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሦስት ወር ማለት ሰሙነ ሕማማትንም ስቅለትንም ትንሣኤንም ይዞ ይሄዳል። ስቅለትን ቻላቸው ሊመራ ነው፤ ሕዝቡ የቻላቸውን ድምፅ ሊለምድ ነው። ከዚያ በኋላ ወገብ ቢታጠፍስ ለማን ይታጠፋል?

«ገባኝ» አሉ መሪጌታ። «የወርቅ ጥርሱን ሁሉ ያመጣው እኔን አልጋ ላይ ሊያስተኛኝ ነው።»

«ኧረ ስለ ሚካኤል! ልጁ ረዳዎት እንጂ ምን አለ?» አለች እህቴ።

«ልጁ ያላለውን ሰማሁ። ከፋሲካ በኋላ እታከማለሁ።»

«ሰዎቹ ይሄዳሉ አሉ እኮ። ሕይወት አይመለሱም ብላለች።»

«ለሚካኤል የሚሳነው አለ? ያመጣቸው ይመልሳቸዋል።»

እኔ አላስቻለኝም። «መሪጌታ፣ ጌታ እንደሆነ አንዴ ተሰቅሏል፤ አንቱ ባይመሩለት ቀራንዮ አይፈርስ! ቻላቸው ይምራው!» አልኳቸው። የያዙትን መቋሚያ ወረወሩብኝ። ወገባቸው ያዛቸውና አጠገቤ እንኳ አልደረሰም። ከመቋሚያው ይልቅ አለመድረሱ አናደዳቸው። እህቴ አንስታ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠቻቸው።

ሕይወት በስልክ አለቀሰች። ስልኩን እኔ ነኝ ጆሯቸው ላይ የያዝኩላቸው። «አባዬ፣ ስንት ሰው ለምኜ ያገኘሁት ተራ ነው! ሌላ ሰው ይሰጡታል!» ትላለች። «ይስጡት» አሉ። «አባዬ፣ በዚህ ወገብ ስቅለትን እንዳትሰግድ። ተቀምጠህ ምራ። ሐኪሙ ያለህን ታስታውሳለህ አይደል?» ስትላቸው ጆሯቸውን ከስልኩ አነሱ። «ተቀምጠህ ምራ ትለኛለች!» አሉ ወደ ግድግዳው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የተማረ ሞኝ ደግሞ ወረቀቱም በእጁ ነው። ቀጠሮው አለፈ። ሐኪሞቹ ሄዱ። ተራቸውን ማን እንዳገኘ አላውቅም፤ ዛሬ የትም አገር እየሰገደ ይሆናል።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሰኞና ማክሰኞ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዋሉ፤ ማታ ሲገቡ ከንፈራቸው በጥርሳቸው ተበልቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሱ ግን ፊታቸው በርቷል። «ቦጋለች፣ ሕመሙ ለቀቀኝ» አሉ። «መቀመጫዬ አካባቢ እንደ ሌላ ሰው ሥጋ ሆኗል። ብትወጊኝ አይሰማኝም።» እህቴ መሬት ስማ እልል አለች፤ ሰሙነ ሕማማት መሆኑን ረስታ። እኔም እግዜር ይስጠው አልኩ። ሐኪሙ ስለ መደንዘዝ የተናገረውን እህቴም እኔም አናውቅም ነበር። የሰሙት ሕይወትና እሳቸው ብቻ ናቸው። ሕይወት እንዳትሰማ ደግሞ «ለልጅቷ እንዳትደውሉ፤ ከስግደቱ በኋላ እኔው አበሥራታለሁ» አሉን። ሐሙስ ማታ ውጭ ወጥተው ብዙ ቆይተው ተመለሱ። ሽንታቸው እምቢ እንዳላቸው በኋላ ነው የተናገሩት።

ዓርብ ስቅለት ነው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይነበባል፣ ይዜማል፣ ይሰገዳል። ካህናቱ በቅኔ ማሕሌቱ፣ እኛ ሕዝቡ በግቢው። መሪጌታ ነጭ ለብሰው ያለ መቋሚያ ገቡ። ሰው ሁሉ አያቸው። ሰገዱ፤ ግንባራቸው ወለሉን ነካ፣ ተነሱ። ደግመው ሰገዱ፣ ተነሱ። «ዳኑ! መሪጌታ ዳኑ!» የሚለው ከቅኔ ማሕሌቱ በር ወጥቶ ግቢውን ዞረ። ምንጭ ላይ እህቴን ካሳቀቋት ሴቶች አንዷ መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። ድምፃቸው ከውስጥ ይሰማናል፤ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ሲደርስ፣ ሰገዱና አልተነሱም።

አጠገባቸው የነበረው ዲያቆን እጁን ዘርግቶ ነበር። ቻላቸው ከለከለው። «ተዋቸው፣ አትንካቸው። ተመስጦ ላይ ናቸው» አለው። በተመስጦ ያለ ሰው አይነካም፤ ነፍሱ ሌላ ቦታ ናት። በዚህ እምነት ያላደገ የለም። አምኖ ይሁን አውቆ፣ እሱና ሚካኤል ያውቃሉ። ዜማውን አነሳና ይመራ ጀመር። ሌላው በዙሪያቸው ይሰግዳል፣ ይነሳል፤ እሳቸው ግንባራቸው ወለል ላይ እንደሆነ ናቸው። ወሬው ለእኛም ደረሰ። «ዛሬስ መሪጌታ ሰማይ ቤት ደረሱ» ይባባላል ሰው። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በደስታ ስታለቅስ ዋለች። በዕድሜዋ ሴቶች የቀኑባት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እሳቸው ምን ላይ ነበሩ? በኋላ ለእህቴ ነግረዋታል። ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ የለም። ሊነሱ እግራቸውን ያዝዛሉ፣ የሚታዘዝ እግር የለም። አፋቸው ግን ደህና ነው። «አንሱኝ» ለማለት የሚከለክላቸው አልነበረም።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አለቻቸው እህቴ።

«አጠገቤ ያለው ቻላቸው ነበራ» አሉ።

ሲመሻሽ ስግደቱ አለቀና ጥብጠባው ተጀመረ። ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው የሰውን ጀርባ መታ መታ እያደረጉ፣ ለኃጢአቱ ተጨማሪ ስግደት ያዝዙታል። ቄስ ባዩ መሪጌታ ጋ ደረሱ። በወይራው መቷቸው፤ ዝም። ደግመው መቷቸው። ከዚያ ነው ወለሉ ምንጣፍ ላይ የሚሰፋውን እርጥበት ያዩት። ጥብጠባውን ትተው «ኧረ ሰው ያዙ!» ብለው ጮኹ። ሲገለብጧቸው ዓይናቸው ክፍት ነበር። መጀመሪያ ያሉት «ቦጋለች እንዳታይ ሸፍኑኝ» ነው።

ቃሬዛ ተበጅቶ ወጣቶች እየተቀባበሉ ወገዳ አደረሷቸው። መኪና የተገኘው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሕይወት ደብረ ታቦር መንገድ ላይ ጠበቀችን። አባቷን ከማቀፏ በፊት መርፌ አውጥታ እግራቸውን ወጋች፣ ጭናቸውን ወጋች። «መቼ ነው የደነዘዘህ?» አለቻቸው።

«ረቡዕ።»

መርፌው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ያው ሐኪም ነበር፣ ነጮቹ የሉም። የተጫነውን አወጣላቸው፤ ግን ዘግይቷል፣ ነርቩ ሞቷል አለ። ረቡዕ ቢመጡ ይተርፍ ነበር ሲል ሕይወት «ለእሳቸው አይንገሩብኝ» ብላ ለመነችው። መሪጌታ ግን ነቅተው ነበር፤ ሰምተውታል።

ቻላቸው መሪጌታ ሆነ። ክረምቱ አልፎ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ እህቴ ሄዳ ለመነችው። ያሳደገችውን ልጅ አንቱ አለችው። «መሪጌታ፣ በአልጋ አምጥተን ጥግ ላይ እናስቀምጣቸው። ድምፃቸው አልታመመም። ማሕሌቱን ካላዩ ይሞቱብኛል» አለችው።

ቻላቸው ተነስቶ እጅ ነሳት። ቃሉ ሁሉ ማር ነበር። «እናቴ፣ እኔ የኔታ እጅ ላይ ያደግሁ ነኝ። መቆም ያልቻለ ከማሕሌት ይውጣ ብለው ሕጉን የሠሩት እሳቸው ናቸው። በሕይወት እያሉ ሕጋቸውን ብሽር ይቀየሙኛል» አላት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። እህቴ ይህን ስትነግራቸው ልቤ ፈርቶ አየኋቸው፤ ይሳደባሉ ብዬ። «እውነቱን ነው» አሉ።

በበዓሉ ጠዋት ከነአልጋቸው አውጥተን ከቅኔ ማሕሌቱ ግድግዳ ውጭ፣ ወይራው ሥር አስቀመጥናቸው። ትራስ ደግፈን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አደረግናቸው፣ የተንጠለጠለ እግራቸውን ጋቢ አለበስናቸው፣ መቋሚያቸውን ሰጠናቸው። ሕይወትም ለበዓሉ መጥታ ነበር። ውስጥ ዝማሜው ሲጀመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከበሮው ገባ። መቋሚያውን አንስተው፣ ወለል ቢሆን ኖሮ እንደሚመቱት፣ በዜማው ልክ መምታት ጀመሩ። አንገታቸው ወዲህና ወዲያ ይላል። ፊታቸው እንደ ጥንቱ ሆነ። እህቴ አይታ ፈገግ አለች፤ እኔም ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለነበር እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን የምናያቸው፤ እኛም ፊታቸውን እንጂ መቋሚያው የሚያርፍበትን አላየንም።

ዜማው ሲፋጠን እሳቸውም አፋጠኑ። መጀመሪያ ያየችው ሕይወት ናት። ነጩ ጋቢ ላይ ቀይ ነገር ወጥቶ ይሰፋ ነበር። ሮጣ ጋቢውን ገለጠችው። መቋሚያው ሲያርፍ የነበረው መሬት ላይ አልነበረም፣ እግራቸው ላይ ነው። ቅልጥማቸው ተልጦ፣ ሥጋው ተከፍቶ፣ አጥንቱ ይታያል።

«አባዬ! አባዬ፣ ተው! እግርህ ነው!» ብላ መቋሚያውን ያዘች።

ዓይናቸውን ገልጠው ደሙን አዩት። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው አዩት።

«ልቀቂው» አሏት። «ገና አልጨረሱም።»